የአያቴ ፖርቱጋልኛ

ባለፈው ወር የቀበርነው አያቴ በእጁ ወይም በእግሩ ያላደረገውን ነገር በፖርቱጋልኛ አይናገርም ነበር። ሊዝበን የተወለደችው ሌላዋ የልጅ ልጁ አማርኛ ስለማትችል፣ በስልክ እንዲያወራት እኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪው የየዕለቱን ቃላት ከእንግሊዝኛ ወደ ፖርቱጋልኛ እየመለስኩ በሰንጠረዥ እጽፍለት ነበር። እሱ ግን «ጫማ አደርጋለሁ» ለማለት ጫማውን ያደርጋል፤ «ወጣ ብዬ መጣሁ» ለማለት እስከ ከዚራ ሰፈር ዛፎች ሄዶ ይመለሳል።

«አባባ፣ መጀመሪያ ሰንጠረዡን ጨርስ» ስለው፣ «ወረቀትህ ጫማ ያደርጋል እንዴ፣ ቲቸር?» ብሎ ይስቅብኛል።

በመጨረሻ አልጋ ያዘ። ሐኪሙ እንዳይነሳ ከለከለው። ልጅቱ የደወለች ቀን ተራው «እነሳለሁ» የሚለው ቃል ነበር።

«ተኝተህ በላት፣ በሞቴ!» አልኩት።

እሷ «አቮ? አቮ?» እያለች አያቷን ትጣራለች። ስልኩን ልቀበለው ስል እጄን መታኝ። ትከሻዬን ይዞ፣ እያለከለከ ቆመ።

«ሌቫንቱ ሜ» አላት፤ እነሳለሁ።

ትንፋሹን ሰምታ መሰለኝ፣ «ሴንታት፣ አቮ» አለችው፤ ቁጭ በል ማለቷ ነው። ይህን ቃል ገና አልጻፍኩለትም ነበር። ምን አለች ብሎ ሳይጠይቀኝ ቁጭ አለ።

አሁን ስትደውል የማነሳው እኔ ነኝ። ቃላቴ ሁሉ ትክክል ናቸው፤ እሷ ግን ቶሎ ትዘጋለች።