የራዚያ ልብስ ማስጫ

ጎረቤቴ ራዚያ ጠንካራ ሽቦ ባዶውን ተወጥሮ ካየች ልብስ ሳታሰጣበት አታድርም። ሠላሳ ዓመት ካልሲ ፋብሪካ ሠርታ ጡረታ የወጣች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ቤቷ በቦስኒያ መንደራችን ከሁላችንም በላይ፣ ኮረብታው ላይ ነበር። አንድ መኸር ከጓሮዋ በስተላይ መሬቱ ተሰነጠቀና ከክሮኤሺያዋ ከተማ ከዛግሬብና ከጃፓን ባለሙያዎች መጡ። ስንጥቁን አሻግረው ሽቦ ወጠሩ። ኮረብታው አንዲት ጣት ያህል ከተንሸራተተ ሽቦው ይሳባል፣ ወሬው በቅጽበት ሁለቱ አገር ይደርሳል፣ እኛ ጋ ደግሞ ሳይረን ይጮኻል።

ባለሙያዎቹ በሄዱ በሳምንቱ ራዚያ ምንጣፏን አጥባ አሰጣችበት! ሳይረኑ አምባረቀ፤ ሾርባችንን ጥለን ለመሸሻ ወደተመረጠው ትምህርት ቤት ሮጥን። በሌላ ጊዜ አንሶላ፣ ከዚያ ደግሞ የሟች ባሏን ካፖርት ሰቀለች። በመጨረሻ የዛግሬቡ መሐንዲስ ዝቮንኮ መረረውና «ከእንግዲህ እሷን በስልክ ሳልጠይቅ ሳይረን አላስጮኽም» አለ። በመዝገባቸውም ላይ «ቬሽ አለ?» የሚል ጥያቄ ተጨመረ። ቬሽ በእኛ ቋንቋ የሚታጠብ ልብስ ነው። ጃፓናዊቷ ሳዎሪ ከቋንቋችን የምታውቀው ይህቺኑ ቃል ብቻ ስለነበር ስትመጣ ሰላም የምትለንም በእሷው ነው።

ግንቦት ላይ አምስት ቀን ሙሉ ዘነበ። በስድስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ፀሐይ ወጣች፤ የራዚያም ስልክ ጮኸ።

«እትዬ ራዚያ፣ ኧረ ምንጣፉን ያውርዱልኝ!» አላት ዝቮንኮ እየሳቀ።

«የምን ምንጣፍ? ልብሴ ገና ገንዳ ውስጥ ነው!»

ሳቁ ቆመ። «እስቲ ወጥተው ይዩልኝ።»

ወጣች። ሽቦው ተወጥሮ ያቃስታል። የፕሪም ዛፎቿ ወደ ቤቷ አዘንብለዋል።

«ቬሽ የለም!» ብላ ጮኸች። «ወላሂ የለም! አስጩኸው፣ አንተ ልጅ፣ አስጩኸው!»

ሳይረኑ ጮኸ። እኛስ? የዝቮንኮን አዲስ ደንብ ማን አስታውሶ! ንቅንቅ ያለ የለም። ሳስታውሰው አፍራለሁ፤ እኔ ራሴ ቡሬክ የምንለውን የሥጋ ቂጣ እየቆረስኩ «ራዚያ ደግሞ ልብስ አጠበች» ብዬ ስቄያለሁ።

ከላይ ሆና ስታየን ወዲያው ገባት። ዝም ብላ ብትጮህ ማን ያምናታል? ውሃ የሚንጠባጠበውን ምንጣፍና አንሶላ ከገንዳው ታቅፋ ቁልቁል በረረች።

«ይኸው ልብሴ! ሁሉም እጄ ላይ ነው! ሽቦው ላይ አንድ ካልሲ እንኳ የለም፣ እናንተ ደነዞች፣ ውጡ!»

ቡሬኩን ወረወርኩት። ሁላችንም ሮጥን። ትምህርት ቤቱ ደጅ ስንደርስ ኮረብታው እያገሳ ወረደና የራዚያንም የእኔንም ቤት ጠራርጎ ወሰደ። ተቆጠርን፤ አርባ አንድ። ደግመን ተቆጠርን፤ አርባ አንድ፣ አንድም ሰው አልጎደለም! እንደዚያ ያለ ደስታ ከዚያ ወዲህ አላየሁም፤ እየዘለልን እናለቅስ ነበር። ራዚያ እርጥቡን ምንጣፍ እስከዚያ ድረስ አልለቀቀችውም።

አሁን ከተማ ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ሳዎሪ የላከችላት የዚያ ቀን መዝገብ ግድግዳዋ ላይ ተሰቅሏል። ሁሉም ቁጥርና የጃፓን ፊደል ነው፤ እኛ የምናነበው ታች ያለውን አንድ መስመር ብቻ ነው። ሳዎሪ በእጇ፣ በእኛው ቋንቋ «ቬሽ የለም» ብላ ጽፋዋለች።