ከፊልሙ ተቆርጦ የቀረው

በሰፈሩ ዛሬም «ዳይሬክተሩ» ይሉታል፤ የሚያነሳው ግን ጉርድ ፎቶ ነው። በደጉ ጊዜ የእሱ ፊልም ሲወጣ የሲኒማ ቤቱ ሰልፍ መንገድ ይዘጋ ነበር። ከሁሉም የገነነው አራተኛው ነው፤ ሙሽራው የቀረባት ሴት ቬሎዋን እንደለበሰች በር ላይ ተገትራ የምትውልበት ኮሜዲ። ተመልካቹ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ታሪኩ የታላቅ እህቱ ነበር። አላስፈቀዳትም። «ማን ያውቅባታል?» ብሎ ራሱን አታለለ። ሳምንት ሳይሞላ ሰው ሁሉ አወቀ። የትምህርት ቤት ጸሐፊ የነበረችውን ሴት በሄደችበት «ሙሽሪት፣ እስካሁን አልመጣም?» ይሏት ጀመር። ጓዟን ጠቅልላ ሌላ ሰፈር ገባች፤ ሥራም ቀየረች።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እሱ ግን ወግቶም አልረሳ። ለመጻፍ በተቀመጠ ቁጥር የእሷ ፊት እየመጣ ብዕሩን ያስጥለዋል። ሁለት ፊልም እንደምንም ሠርቶ ሁለቱም ወደቁ። ከዚያ በኋላ የሚደውልለት ጠፋ፤ እሱም ፎቶ ቤት ከፈተ።

እንዲህ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ እህቱ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ብቅ አለች፤ ፀጉሯ ሸብቷል።

«ለጡረታ መታወቂያ አራት ጉርድ ፎቶ» አለችው፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ።

«እትዬ... ያን ፊልም...»

«ሦስቴ አይቼዋለሁ።»

ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። የሠርጌ ቀን ሁሉም እያየኝ ሲንሾካሾክ፣ እጄን ይዞ ቤት ያስገባኝ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። አንተ ነበርክ። ልጁን ከፊልሙ ለምን አወጣኸው?»

ቀርፆት ነበር። ከፊልሙ የቆረጠውም በገዛ እጁ ነው።

«አያስቅም ብዬ ነው» አለ።

እህቱ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና አንገትጌዋን አስተካከለች።

«በል አንሳኝ።»

ሁለቴ አበላሸ፤ በሦስተኛው ተሳካለት። ስትወጣ አድራሻዋን ጽፋ ጠረጴዛው ላይ ተወችለት።

አሁን እሁድ እሁድ ይጠይቃታል። ስለ ደም ግፊቷ፣ ስለ ጎረቤቶቿ ያወራሉ። «ይቅር ብዬሃለሁ» ብላው አታውቅም። እሱም እንድትለው ለመለመን ድፍረቱ የለውም።