ስስ ቅባት

አክስቴ ሰው ከመጨበጧ በፊት ብረት ትነካለች። የበር እጀታም ይሁን የውሃ ቧንቧ፣ ያገኘችውን ነካ አድርጋ ነው እጇን የምትዘረጋው። ልጅ ሳለሁ ከትምህርት ቤት ሮጬ ስመጣ እንኳ መጀመሪያ የመስኮቱን ፍርግርግ ነክታ ነበር የምታቅፈኝ። ሰውነታችን ላይ የሚጠራቀም፣ እኛ የማይሰማን ትንሽ ኤሌክትሪክ ትራንዚስተር የሚባለውን ጥቃቅን የሬድዮ ዕቃ ይገድላል፤ ብረት ሲነኩ ግን ከሰውነት ይወጣል። ሠላሳ ዓመት ሬድዮና ራዳር ስትጠግን የኖረች ሴት እኔንም ከዚያው ዕቃ ሳትቆጥረኝ አልቀረችም።

የምትሠራው ወደቡ ላይ፣ ከራዳሩ ማማ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ራዳሩ ወደ ውሃው ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱ ጀልባ ወይም አለት ነክቶ ሲመለስ ስክሪኑ ላይ ነጥብ ይሆናል። ለሞገዱ ጉልበት የሚሰጠው የአውራ ጣት ጥፍር የሚያክል ትራንዚስተር ነው። ሥራው ከባድ ስለሆነ ይግላል። ሙቀቱ ወደ ማቀዝቀዣው ብረት እንዲያልፍለት ከሥሩ ነጭ ቅባት ይቀባል። ቅባቱ ከወፈረ ግን ሙቀቱን ያፍነዋል። አክስቴ አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር፣ "ስስ አድርገህ! ዳቦ ላይ ማርማላታ እየቀባህ አይደለም" ትላለች።

የሚቀጥለውን የነገረኝ አለቃዋ ነው፤ እሷ ብትሆን ትደብቀኝ ነበር።

አንድ ጭጋጋማ ጠዋት ትራንዚስተሩ ተቃጠለና ራዳሩ ጠፋ። መጠባበቂያ የቀረው አንድ ብቻ ነው፤ ሌላው የሚመጣው ከሁለት ወር በኋላ። ስልሳ መንገደኛ የጫነ ጀልባ ደግሞ ወደቡ መግቢያ ላይ ካሉት አለቶች ፊት መልህቁን ጥሎ ቆሟል። ከቀትር በፊት ማዕበል እንደሚነሣ ተነግሯል።

"እትዬ፣ የት ነኝ?" አለ ካፒቴኑ በሬድዮ።

"ያለህበት! እንዳትነቃነቅ።"

"መንገደኞቹ ሊበሉኝ ነው እኮ።"

"አይዞህ፣ አንተን የሚያኝክ ጥርስ አልበቀለም።"

እንዲህ እያለች የተቃጠለውን ትራንዚስተር ነቅላ ጣለች። አለቃዋ ከኋላዋ መጥቶ፣ "እትዬ፣ ይቺ ከተቃጠለች አለቀልን" አላት።

"አውቃለሁ። አንተ ብቻ አንገቴ ላይ አትተንፍስብኝ።"

ቧንቧውን ነካች። ቀባች፣ ብሎኖቹን አጠበቀች፣ በየደች። በትንሽ ጉልበት አስነሣችው። የሙቀት መለኪያው ሃምሳ አለ፤ ሰባ፤ ዘጠና። ማጥፊያውን በመዳፏ መታችው።

ብየዳውን አቅልጣ፣ እስትንፋሷን ይዛ ስታነሣው ሁለቱም አዩት። ቅባቱ ከሥሩ ወፍሮ በጎን በጎን ተርፏል። ብቸኛ ልጇን እንደምታለብስ እናት ደራርባ ቀብታዋለች።

አለቃዋ መናገር አልፈለገም፤ ከአፉ አመለጠው። "እትዬ... ማርማላታ።"

"ዝም በል!" አለችው፣ እስከ ጆሮዋ ቀልታ።

ሁለተኛ መበየዱ ራሱ በሙቀቱ ሊገድለው ይችል ነበር። ቢሆንም ቅባቱን በአልኮል ጠርጋ አነሣች፤ አዲስ ቀባችና የሥራ መታወቂያዋን ጠርዝ እንደ ቢላ ይዛ፣ ብረቱ ከሥሩ እስኪታይ ድረስ አሳሳችው። አጠበቀች። በየደች። አስነሣች።

ሃምሳ። ሃምሳ ሁለት። ሃምሳ ሦስት ላይ ቆመ።

ሙሉ ጉልበት ስትሰጠው ትንሽ ወጣና እዚያው ረጋ። አለቶቹ ስክሪኑ ላይ አንድ በአንድ መጡ፤ በመካከላቸው አንዲት ነጥብ።

"አየሁህ" አለች። ጣቷን ነጥቧ ላይ አደረገች። "መልህቅህን አንሣና ቀስ ብለህ ወደ ቀኝ።"

ካፒቴኑ ማዕበሉን ቀድሞ ገባ። እርጥብ ካፖርቱን እንደለበሰ ሊያመሰግናት ሲመጣ ቧንቧውን ነክታ ጨበጠችው።

በማግስቱ ወደ ሥራ ስወጣ እንደ ልማዷ ሁለት ሹራብ አልብሳኝ ሦስተኛውን ይዛ እስከ በር ተከተለችኝ። ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ እንቢ ማለት ግን አልችልበትም። እጄን ለእጅጌው ዘረጋሁ። እሷ ግን ሹራቡን ትክ ብላ አየችና ብቻዋን ሳቀች።

"በቃሽ፣ ሂጂ የኔ ልጅ። እንዳላፍንሽ።"

ሹራቡን መስቀያው ላይ አንጠለጠለች። ከዚያ የበሩን እጀታ ነካ አድርጋ ሳመችኝ።