ሁለት ዲግሪ የሚዋሽ ቴርሞሜትር

ሰሞኑን መሃል ከተማ በተካሄደ የተማሪዎች የሳይንስ ውድድር ላይ ዳኛ ሆኜ ተጋብዤ ነበር። አንዲት ልጅ ሥራዋን ስታስረዳ ድምፅዋ ሲንቀጠቀጥ ብሰማ፣ ሐሳቤ ወደ አሥራ አንደኛ ክፍል ወሰደኝ።

ያኔ የምንኖረው ሐይቅ ዳር ባለች ከተማ፣ ታቦር በሚባል ሰፈር ነበር። በጋው ሲከር የጀሪካን ውሃ ለብ ይላል፤ ከእናቴ እንስራ የተቀዳው ግን ጥርስ ይጠዘጥዝ ነበር። እኔና የክፍል ጓደኛዬ ደስታ ሸክላው በእርግጥ ውሃ ያቀዘቅዝ እንደሆነ ልንመረምር ተነሣን። መጀመሪያ እንስራውን ጓዳ፣ ጀሪካኑን ደጅ አድርገን ለካን። ደስታ ግን ቆም ብላ አሰበችና፣ እንዲህ ከሆነ የለካነው ጥላና ፀሐይን እንጂ ሸክላና ፕላስቲክን አይደለም አለችኝ። ሁለቱንም ግቢያችን ባለው ማንጎ ጥላ ሥር ጎን ለጎን አስቀምጠን፣ እኩል ውሃ ሞልተን፣ በጋው እስኪወጣ እየደጋገምን ለካን። ሁልጊዜም የሚቀዘቅዘው የእንስራው ነበር።

ሥራችንን ለትምህርት ቤታችን የሳይንስ ውድድር አቀረብን፤ ከዚያ ለክልሉ ውድድር የሚያልፈው አንድ ሥራ ብቻ ነበር። በዕለቱ ከዳኞቹ አንዱ፣ ጠና ያሉ ሰው፣ ቴርሞሜትራችንን ተቀብለው የሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ነከሩት። ዜሮ ማሳየት ሲገባው ሁለት ላይ ቆመ። ደግመው ነከሩት፤ ያው ሁለት። ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ደስታ እጄን ጭምቅ አደረገችው።

«መለኪያችሁ ከተሳሳተ ውጤታችሁ እንዴት ይታመናል?» አሉ።

ያ የተደጋገመው ሁለት ግን ልብ ሰጠኝ።

«ጋሼ፣ ይዋሻል፤ ግን የሚዋሸው ሁልጊዜ እኩል ነው። ለእንስራውም ለጀሪካኑም እኩል ከጨመረ ልዩነታቸው አይነካም። እኛ የጠየቅነው ውሃው ስንት ዲግሪ እንደሆነ ሳይሆን፣ የትኛው እንደሚቀዘቅዝ ነው።»

«ለብ ያለ ውሃ ላይስ እኩል እንደሚጨምር በምን ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። በእርስዎ መለኪያ እንየው።»

እንስራውና ጀሪካኑ አጠገባችን ነበሩ። ዳኛው የራሳቸውን ቴርሞሜትር አውጥተው ሁለቱንም በእኛውም በእሳቸውም ለኩ። የእሳቸው ቁጥሮች ከእኛዎቹ ሁለት ሁለት ዝቅ አሉ፤ ልዩነቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ዳኛው ቀና ብለው ፈገግ አሉ፤ ሲስቁ የነበሩት ማጨብጨብ ጀመሩ።

አለፍን። የደስታ አባት ሐይቁ ዳር ወስደው ትኩስ ዓሣ በዳጣ ጋበዙን፤ ከንፈራችን እየተቃጠለ ስናወራ ዋልን።

ከዚያ ወዲህ ዕድሜዬን በቤተ ሙከራ ነው የገፋሁት። ብዙ ውድ መሣሪያ በእጄ አልፏል፤ እንከን የለሽ የሆነ ግን አልገጠመኝም። የመሣሪያውን ጉድለት ያወቀ ሰው ሥራውን ይሠራበታል። ምን እንደጠየቀ የማያውቅን ሰው ግን የትኛውም መሣሪያ አያድነውም።