ከፍሪጁ ጀርባ

ከደሴ የወጣሁት ገና ሳይነጋ ነው። እናቴና የንስሐ አባታችን ፒያሳ ድረስ ሸኙኝ። እናቴ ስታለቅስ፣ አባ መስቀላቸውን አሳልመውኝ "ልጄ፣ አሠሪሽን አክብሪ። ዓይን ሲያይሽ ብቻ አትሥሪ፤ ማንም ባያይሽ እግዜር ያይሻል" አሉኝ። እሺ አልኩ። በዚያ ብርድ ቆሞ እሺ ማለት ምን ያቅታል?

ኮምቦልቻን አልፈን ደጋን ላይ ለቁርስ ስንቆም ለቤት ሠራተኝነት ጅዳ የሚልከኝ ደላላ ፓስፖርቴን ሰጠኝ። ፎቶው የኔ ነው፤ ስሙ ግን ሰሚራ ይላል። እኔ የደሴ ሆጤዋ ብርቱካን ነኝ።

"ይሄ የማን ነው?" አልኩት።

"ያንቺ ነዋ። እዚያ የሚፈልጉት ሙስሊም ነው፤ ማተብሽንም ፍቺው። ስም ብርቅ ነው እንዴ? ስትመለሺ ትቀይሪዋለሽ" አለና ፍርፍሩን ቀጠለ።

ማተቤን ፈትቼ በቀሚሴ ጠርዝ ውስጥ ሰፋሁት። እንግዲህ በታማኝነት ላገለግል የወጣሁት እንዲህ ሆኜ ነው።

ጅዳ ገባሁ። የጦሳ ተራራችንን ጭጋግ ስንት ጊዜ አማርሬዋለሁ፤ እዚህ ሙቀት ውስጥ ግን ለአንድ ጠዋት ባገኘሁት እያልኩ እመኛለሁ። ምግቡ ሩዝ ነው፤ ነገም ሩዝ ነው። አሠሪዬ ማዳም ክፉ አይደለችም፤ ግን የታጠበውን ደግማ የምታሳጥብ ሰው ናት። እኔ ደግሞ የአባ ምክር ይዞኝ፣ በየሳምንቱ ፍሪጁን ከቦታው እያነሳሁ ጀርባውን እወለውላለሁ። የጎረቤት ሠራተኞች ማን ሊያይልሽ ነው እያሉ ይስቁብኛል።

ሰሚራ መሆኑም አልከበደኝም። ወሎዬ ነኛ! ረመዳንን ከጎረቤታችን ከእትዬ ዘይነባ ልጆች ጋር እያፈጠርኩ ነው ያደግሁት። ማዳም ስትሰግድ ከኋላዋ ቆሜ አብሬ አጎነብሳለሁ፤ በልቤ ግን አባታችን ሆይ እላለሁ።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። አንድ ቀን ማዳም ጠርታ "እንዳንቺ ያለች ታማኝ ሠራተኛ አላየሁም። ዘንድሮ ለዑምራ መካ ይዤሽ እሄዳለሁ" አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። የሰው ቅዱስ ቦታ በውሸት ስም ልገባ ነው?

እናቴ ጋ ደወልኩ። እሁድ ስለነበር አባም እኛ ቤት ነበሩ፤ ስልኩን ተቀበሉ። ነገሩን ስነግራቸው፣ ለጊዜው ዝም በይ፣ ብትባረሪ የወንድምሽ ትምህርት ይቋረጣል አሉኝ።

"አባ፣ ማንም ባያይሽ እግዜር ያይሻል ያሉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?" አልኳቸው።

ስልኩን ለእናቴ መለሱላት። ምክሩን የሰጡኝ እሳቸው፣ መከራውን የማየው እኔ!

በማግስቱ ለማዳም ሻይ አቀረብኩና ማተቤን አውጥቼ ከብርጭቆው አጠገብ አስቀመጥኩት። ክርስቲያን መሆኔን፣ ስሜም ብርቱካን መሆኑን ነገርኳት። ማተቡን አየች፤ እኔን አየች።

ትናንት እናቴ ደወለች፤ ለማዳም እውነቱን መናገሬን ነገርኳት።

"አባረረችሽ?"

"አላባረረችኝም።"

"ታዲያ ምን አለች?"

"ምንም። ተነስታ ወጥ ቤት ገባች። ብቻዋን ፍሪጁን ስባ ጀርባውን አየች።"

"ንጹሕ ነበር?"

"ንጹሕ ነበር እማዬ።"

"ተመስገን! በቃ፣ ታዲያ ምን ሆንሽ?"

"ይኸው ሳምንት ሆነኝ፤ ሰሚራም ብርቱካንም ብላ ጠርታኝ አታውቅም። ስትፈልገኝ ጠረጴዛ ነው የምታንኳኳው።"