የጋሽ ተካ ጎድን

ልጄ ሰሞኑን አንድ የሙዚቃ ሳጥን ገዝታ ሳሎን ውስጥ አስቀመጠች። ስትከፍተው ከፊቱ ብርሃን ወጣ፤ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት፣ አምፖሉ የት እንዳለ የማይታወቅ። በወጣትነቴ ለእንዲህ ያለ ብርሃን ስንት ቀን ተንከራትቻለሁ! ቆሜ ሳፈጥበት «አባዬ፣ ደግሞ ምን አየህበት?» አለችኝ። የሰው ደረት እየፈለግሁ ነበር።

በደርግ ጊዜ አሰብ የነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ የጥገና ሠራተኛ ነበርኩ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ከሽቦና ከአምፖል በቀር ደስ የሚለኝ ነገር አልነበረም። ከሥራ ስወጣ ከወዳደቀ ዕቃ የድምፅ ማጉያ እሠራለሁ፤ ሳጥኑን ከኮምፔርሳቶ ቆርጬ ቬርኒሽ እቀባዋለሁ። «ድምፁንማ ማንም ያወጣዋል፤ መልኩ ነው እንጂ» እያልኩ እጎርር ነበር። ወጣትነት መቼም ጉራ አያጣውም።

እትዬ አስካለ ከጭነት መኪናዎቹ ማቆሚያ ፊት ለፊት ሻይ ቤት ነበራቸው። ከአዲስ አበባ የሚመጡት ሹፌሮች እሳቸው ዘንድ ወርደው፣ ከእሳት የወጣውን ዓሣ በአዋዜ እያጠቀሱ ይበላሉ። ባላቸው ጋሽ ተካም ሹፌር ነበሩ። ጭነት ይዘው ከወጡ ዓመት አልፏል፤ መኪናውም ሰውየውም የት እንደደረሱ የሚያውቅ የለም። እትዬ አስካለ ዓሣ ባቀረቡ ቁጥር ስለ እሳቸው ይጠይቃሉ። ማጉያ ያዘዙኝም፣ ሙዚቃ ካለ ሹፌር ይበዛል፣ ሹፌር ከበዛ ወሬ አይጠፋም ብለው ነው።

ሠራሁላቸው። ከፊት ለፊቱ መስታወት ኋላ፣ ከጭነት መኪና ክሩስኮቶ፣ ከሹፌሩ ፊት ካለው የቆጣሪዎች ሰሌዳ፣ የነቀልኳቸውን አራት ትንንሽ አምፖሎች ደረደርኩ። ሲበሩ ግን አራቱም ለየብቻ አፈጠጡ።

«ይኼማ አራት ዓይን ያለው አውሬ ነው! ሰው ያስበረግግብኛል» አሉ እትዬ አስካለ።

ወረቀት ለጠፍኩ፤ መስታወቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩ፤ አልሆነም። በመጨረሻ ብርሃኑን የሚበትንልኝ ፊልም ቢገኝ አልኳቸው። ጓዳ ገብተው አንድ የራጅ ፊልም ይዘው ወጡ። ጋሽ ተካ ከጭነት ላይ በወደቁ ጊዜ የተነሱት ነው፤ የግራ ጎድናቸው ተሰብሮ፣ ጠማማ ሆኖ ገጥሞ ይታያል።

«ይኼ ይሆንልሃል? አደራህን፣ እንዳትቆርጠው።»

«አልቆርጠውም፣ እትዬ።»

አልቆረጥኩትም። ፎቶ አንሺው ዓሊ ዘንድ ሄጄ ምስል የሚያነጣ መድኃኒት ተቀበልኩ። ዓሊ ሁለተኛ ጠርሙስ ጨመረልኝና «ከነጣ በኋላ በዚህኛው ድገመው። ብትረሳ ወላሂ ትጸጸታለህ» አለኝ። ፊልሙ ግን በመጀመሪያው ብቻ ነጥቶ ወተት መሰለ፤ ሌላ ምን እፈልጋለሁ? ሁለተኛውን ጠርሙስ ሳልከፍተው ቀረሁ።

ፊልሙን ከመስታወቱ ኋላ ገጥሜ ማጉያውን መልሼ የወሰድኩት በቀትር ነው። የአሰብን ቀትር የኖረበት ያውቀዋል፤ መንገዱ ባዶ ይሆናል፣ መስኮቱ ሁሉ ይዘጋል፣ ውሻ እንኳ አይጮኽም። በጨለመው ክፍል ውስጥ አበራሁት። እንደዚያ ያለ እኩል ብርሃን ሠርቼ አላውቅም ነበር። እትዬ አስካለ ቀረብ ብለው አዩና መስታወቱን በእጃቸው ይደባብሱ ጀመር።

«የት አለ?»

«ማን?»

«ተካ ነዋ! ፎቶ መነሳት አይወድም፤ ያለኝ ያ ፊልም ብቻ ነው። ሐኪሙ እንዳደረገው ከኋላው መብራት አድርገህ ታሳየኛለህ ብዬ እንጂ!»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን አልጮኹም፤ መብራቱን እንዳላጠፋው ብቻ ነገሩኝ።

ሳምንት ሙሉ በዚያ መንገድ አላለፍኩም። በስምንተኛው ቀን፣ ያው በቀትር፣ አስጠሩኝ። ክፍሉ ዝግ ነው፤ ሙዚቃ የለም፤ ማጉያው ብቻ ይበራል። ወተት የነበረው ብርሃን ጠቋቁሮ፣ በመካከሉ የጎድን አጥንቶች ነጥተው ቆመዋል። ጠማማው የግራ ጎድን ሳይቀር።

«አንተ ነህ የመለስከው?» አሉኝ በሹክሹክታ። «ወይስ እሱ ነው የመጣው?»

የዓሊ ጠርሙስ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። በሁለተኛው ያልታጠበ ፊልም ብርሃን ሲያገኘው ምስሉ እንደሚመለስ ያን ጊዜ ገባኝ። ግን ሥራዬን በስንፍና አበላሸሁ ብሎ መናገር ሞት መሰለኝ። ደግሞም ፊታቸው በርቶ ነበር።

«እኔ ምንም አልነካሁም» አልኩ። እውነት ነው፤ አልነካሁም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሹፌሮችን መጠየቅ ተዉ። በየቀኑ አንድ ዓሣ ለይተው ያስቀምጣሉ፣ ማታ ለድመት ይሰጣሉ። እኔም ሰላም ብዬ አልፋለሁ እንጂ ውስጥ መግባት ፈራሁ። ነገሩ እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያ ደረት ግን የሚተነፍስ ይመስለኝ ነበር።

በኋላ ጦርነቱ እየቀረበ መጥቶ ሰው ከከተማው መውጣት ሲጀምር፣ እኔ በምሄድበት መኪና ላይ ለእትዬ አስካለም ቦታ ለመንኩ። ልጠራቸው ስሄድ ማጉያው ፊት ተቀምጠዋል።

«ሂድ ልጄ፣ በሰላም ግባ። እኔማ እንዴት እሄዳለሁ? መጥቶ ቢያጣኝስ?»

«እትዬ፣ ያ ፊልም እኮ…» ብዬ ጀመርኩ።

ውጭ ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ትቻቸው ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ምን እንደሆኑ የነገረኝ የለም።

ልጄ ወደ ጓዳ ስትገባ ሳጥኑን ጠጋ ብዬ አየሁት። ብርሃኑ ንጹሕ ነው፤ ማንም የለበትም። ይህን ሁሉ ዓመት በዚያ ጥሩምባ ሳመካኝ ኖሬአለሁ። ሹፌሩ ግን ብለምነው አንድ ደቂቃ ይጠብቀኝ ነበር።