ሙሉጌጥና ክንዴ

ሙሉጌጥን ያወቅኋት ኮተቤ ውስጥ መንገድ በኮብልስቶን ሲነጠፍ ነው። ያኔ እኔ ገላው ካቦ ነበርኩ፤ እሷ ደግሞ መሬት ላይ ተቀምጠው ድንጋይ ከሚጠርቡት ሴቶች አንዷ። ሥራውን የጀመረች ሰሞን ድንጋዩን ስታገላብጥ አይቼ «እመቤት፣ ዳቦ አይደለም እኮ፤ ምቺው» አልኳት። ቀና ብላም አላየችኝ። በመዶሻዋ አንዴ ኳ አደረገችው፣ ጆሮዋን አዘንብላ ሰማችው፣ ቦታ ቀይራ ሁለተኛ ስትመታው ድንጋዩ እንደ ሳሙና ለሁለት ተከፈለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷን ትቼ በሌሎቹ ማሾፍ ያዝኩ።

አሥራ ሦስት ዓመት አብረን ሠራን። እኔ ፎርማን ሆንኩ፣ እሷ ጠራቢ እንደሆነች ቀጠለች፤ ከኮብልስቶን ወደ አጥር፣ ከአጥር ወደ ቤት ግንብ አለፈች። ድንጋይ ይናገራል ምናምን የሚባል ወሬ አትወድም። ውስጡ የተሰነጠቀ ድንጋይ እንደተሰነጠቀ ድስት ነው የሚጮኸው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም ትላለች። ኩሩ ናት። የጠረበችውን ድንጋይ ሌላ ሰው ካስተካከለባት ያን ቀን ምሳ አትበላም።

አምና ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ዳገቱ ላይ፣ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ልንሠራ ወጣን። ሕንፃው ክብ ነው፤ ግድግዳው ወደ ላይ ሲሄድ ወደ ውስጥ ይጎብጣል፤ ከስድስት መቶ ድንጋይ ሁለቱ እንኳ አንድ ዓይነት አይደሉም። ይህን በእጄ ልጥረብ ያለ ሰው ሳይጨርስ ጡረታ ይደርስበታል። ስለዚህ ሮቦት መጣ። ኮንቴይነር ውስጥ የተተከለ፣ ከሰው የሚረዝም አንድ የብረት ክንድ ነው፤ ጫፉ ላይ መሮ ይገጠምለታል። ሠራተኛው በማግስቱ ክንዴ ብሎ ስም አወጣለት። እኔም የምሳ ሰዓት የማያውቅ ሠራተኛ በዕድሜዬ አየሁ አልኩ።

ክንዴ ልክ አይስትም። ችግሩ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ የጠረበው ፊት እንደ ጠረጴዛ ልሙጥ ሆነ፤ አርክቴክቶቹ ደግሞ የእጅ ጥርብ እንዲመስል ይፈልጋሉ። ሁለተኛ፣ ከአምስት ድንጋይ አንዱን ይሰብራል። ሮቦቱን የምታዘው ወጣቷ ኢንጂነር መቅደላዊት መላ አመጣች። ሙሉጌጥ የእጇ አንጓ ላይ መለኪያ ታስሮላት ትጠርባለች፤ ኮምፒውተሩ አመታቷን ይቀዳል፤ ክንዴ ያንኑ ይደግማል። ሁላችንም ጥሩ ነው አልን። ሙሉጌጥ ብቻ ዝም አለች።

ለምን ዝም እንዳለች እኔ አውቅ ነበር። ከሁለት ዓመት ወዲህ ቀኝ እጇ ይንቀጠቀጣል። ከእንጦጦ ራጉኤል የሚወርደው ብርድ ነው እያለች አንጓዋን በሻሽ ትጠመጥማለች። ሻይ ስትጠጣ ብርጭቆውን በግራዋ ትይዛለች። ጥንቃቄ የሚፈልግ ማዕዘን ሲመጣ ጓደኛዋ ፋዲላ ቀስ ብላ ድንጋዩን ወደ ራሷ ትስባለች፤ ሁለቱም ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አይነጋገሩም። እኔም ዝም አይነቅዝም ብዬ እንዳላየ አለፍኩ። ጠራቢ እጇ ተንቀጠቀጠ ከተባለ ዛሬ ውሃ ቅጂ፣ ነገ ቤትሽ ግቢ መባሏ ነው። ሙሉጌጥ ደግሞ ከጠራቢነት ሌላ መጠሪያ የላትም።

ሦስት ቀን ተቀዳች። ስክሪኑ ላይ የወጣው መስመር የመጋዝ ጥርስ መሰለ። መቅደላዊት ያን ትታ ደግማ ቀዳችው፣ ያው ሆነ። መለኪያው ተበላሽቷል አለች። የሙሉጌጥን እጅ ከመጠርጠር የፋብሪካ ዕቃ መጠርጠር ነው የቀለላት፤ ያን ያህል ታምናታለች። መለኪያውን የገጠመው ቴክኒሻኑ ወንድይራድ ነበር። ሁለት ጊዜ ፈታው፣ ሁለት ጊዜ ገጠመው፤ መስመሩ አልተሻሻለም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ያ እውነት ግን እያደረ ያጠቆረው የወንድይራድን ፊት ነበር።

በአምስተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ መጣ። ነገሩን ሰማና ውድ ዕቃ ያበላሸው ይህ ልጅ ነው፣ ሰኞ ሌላ ሰው ይተካ ብሎ ቆረጠ። ወንድይራድ አልተከራከረም፤ ጎንበስ ብሎ ሽቦውን ይጠቀልል ጀመር። እውነቱን ልናገርና፣ እኔ ዝም አልኩ። ለሙሉጌጥ አዝኜ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ እንጂ፣ እስካሁን ደበቅክ እንዳልባል ፈርቼ ነው። ፋዲላ መሬት መሬቱን ታያለች።

ሙሉጌጥ ከተቀመጠችበት ተነሣች። ሻሹን ፈታች። ቀኝ እጇን ሁላችን ፊት ዘረጋች፤ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ዕቃውንም ልጁንም አትውቀሱ» አለች። «ልክ ነው የጻፈው። እጄ እንዲህ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞረ። ሙሉጌጥ መዶሻዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ነጠላዋን አንሥታ ወደ በሩ ሄደች። ያኔ ነው መቅደላዊት ሮጣ ፊቷ የቆመችው። ክንዷን ይዛ ወደ ስክሪኑ መለሰቻት፤ ተቀምጣም መንቀጥቀጡን ከመስመሩ ላይ ማጣራት ጀመረች። የመጋዙ ጥርስ ሲወጣ ከሥሩ ሌላ መስመር ብቅ አለ። ሁለት ቀላል ምት፣ ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ አንድ ጠንካራ ምት፣ መሮው ትንሽ ዘንበል፣ እንደገና ሁለት ቀላል ምት። በሦስቱም ቀን፣ በሁሉም ድንጋይ ላይ አንድ ነው። እንዲህ ያለ ሥርዓት አይቼ አላውቅም፤ አሥራ ሦስት ዓመት አጠገቧ ቆሜ።

«እትዬ ሙሉጌጥ» አለች መቅደላዊት፣ ባዶውን ቦታ በጣቷ እያሳየች። «እዚህ ጋ ሁልጊዜ ለምንድን ነው የሚያቆሙት?»

«እየሰማሁት ነዋ» አለች ሙሉጌጥ።

መቅደላዊት ወደ ስባሪው ክምር ዞር ብላ አየች። ክንዴ መምታት እንጂ መስማት እንደማያውቅ የገባን ያኔ ነው። ሥራ አስኪያጁም፣ ይመስገንና፣ ልጁ ይቆይ፣ ሥራው ይሂድ ብሎ ወረደ።

ከዚያ በኋላ ለሙሉጌጥ ክንዴ አጠገብ በርጩማ ተዘጋጀላት። ክንዴ እንዳስተማረችው ሁለት ጊዜ ቀለል አድርጎ ይመታና ይቆማል። እሷ ጆሮዋን ታዘነብላለች። ከተስማማት አረንጓዴውን ቁልፍ ትጫናለች፤ ካልተስማማት ድንጋዩ ይገለበጣል፣ ወይም ይጣላል። አንድ ቀን ኮምፒውተሩ ደህና ነው ያለውን ድንጋይ እምቢ አለች። ነገር ወዳድ ነኝና በመዶሻ አስከፈትኩት፤ መሀሉ ድረስ ተሰንጥቋል። ከዚያ ወዲያ የሚከራከራት ጠፋ፣ ስባሪውም ከሃያ አንድ ሆነ። ሻሹንም መልሳ አላሰረችው።

ክንዴን ትቆጣዋለች፣ ቀስ በል ትለዋለች፣ ዝናብ ሲመጣ ከራሷ በፊት እሱን ሸራ ታለብሰዋለች። እኔን እንዲህ ተንከባክባኝ አታውቅም።

የመጨረሻው ድንጋይ በሩ አጠገብ፣ እጅ በሚያርፍበት ከፍታ ላይ የሚገባው ነበር። መቅደላዊት መስመሩን ልታጣራ ስትል ሙሉጌጥ አስቆመቻት።

«ይቺኛዋን አታጣሪያት» አለች። «እንደ እጄ ትሁን።»

መቅደላዊት ትንሽ አሰበችና የመጀመሪያውን ቀን ቅጂ፣ ያን ሁላችን ብልሽት ያልነውን፣ አወጣች። ክንዴ ድንጋዩን መታ፤ መንቀጥቀጥም ጀመረ። ከሰው የሚረዝመው ብረት ልክ እንደ ሙሉጌጥ ቀኝ እጅ፣ በዚያው መጠን፣ በዚያው ፍጥነት ተንቀጠቀጠ። ሙሉጌጥ አጠገቡ ቆማ እጇን ሳትደብቅ ታየዋለች። ፋዲላ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ አቧራ ነው ብዬ ለመዋሸት እንኳ አልሞከርኩም።

ድንጋይዋን ሌላ ግንበኛ እንዲነካት አልፈቀድኩም፤ ራሴ ተሸክሜ፣ ራሴ ሲሚንቶ ቀብቼ አስቀመጥኳት። ይቅርታ የምጠይቅበት ሌላ መንገድ አላገኘሁም። ሙሉጌጥ መጣች፤ የድንጋይዋን ፊት በመዳፏ ዳሰሰች፤ ከዚያ ውሃ ልኩን ከእጄ ተቀብላ ላይዋ ላይ አስደገፈችው።

«ገላው» አለችኝ። «ወደ ግራ አዘንብላለች፤ አቃናት።»

አቃናኋት።